ዋተር ፍሎሰር ለእናቴ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የትኛው ያዋጣል?

የጠባሴዋ
ሰላም ለዚህ ቤት። ወንድሜ ለፋሲካ ከአሜሪካ ይመጣል። «ምን ይዤ ልምጣ?» ሲለኝ ለእማዬ ዋተር ፍሎሰር የሚሉትን፣ በውሃ ግፊት የጥርስ መሃል የሚያጥበውን መሣሪያ እንዲያመጣላት አሰብኩ። እማዬ በታች በግራ በኩል የጥርስ ድልድይ አሠርታለች፤ ምግብ ከሥሩ እየገባ መከራዋን ያሳያታል። ስቴኪኒ አይደርስላትም። አንዳንዴ የስፌት መርፌ ይዛ ስትጎረጉር አገኛታለሁ፤ ነጥቄ ነው የምደብቅባት።

ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ውሃው በፈረቃ፣ መብራቱ እንደ ፈቃዱ በሆነበት ደብረ ብርሃን ይህ ነገር ያገለግላል ወይስ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ይቀራል? ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ይሻላል ወይስ በእጅ የሚያዘው? ድዷ ደግሞ ሲነካ ይደማል። እንዳይጎዳት ፈራሁ።

ኤሌክትሪክ ሠሪው
እህቴ፣ ስለ ጥርሱ የሚያውቅ ይመልስልሽ፤ እኔ ስለ መብራቱ ልንገርሽ። አሜሪካ ቤት ውስጥ ያለው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ ገመዱ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 120 ብቻ ነው የሚችለው። እዚህ የሶኬት ማስማሚያ ገጥመሽ ብትሰኪው ይቃጠላል። ማስማሚያው የሚቀይረው የእግሩን ቅርጽ ነው፤ ቮልቱን አይነካውም። ይህንን ሱቅ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ስናገር ነው የምውለው። ትራንስፎርመር ግዢ የሚልሽ ይኖራል፤ ቮልቱን ያወርደዋል፣ ኸርዙን ግን አይቀይረውም፤ ዕቃውም ከመሣሪያው ይከብዳል።

ወንድምሽ ሳይከፍል በፊት ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብብ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ካለ የትም ይሠራል። ለኛ የሚሻለው ባትሪ ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሞላው ነው፤ በስልክ ቻርጀር ትሞዪዋለሽ፣ መብራት ከጠፋ በፓወር ባንክ። ባትሪ ያለው ሁሉ ግን በዩኤስቢ አይሞላም። የራሱ ቻርጀር ያለውም አለ፤ የዚያን ቻርጀር ጽሑፍ እንዲሁ ያንብብ።

ሌላው ደግሞ ሶኬት ነው። ብዙ ቤት መታጠቢያው አጠገብ ሶኬት የለም፤ ቢኖርም በእርጥብ እጅ 220 ቮልት አጠገብ እናትሽን አታቁሚያት። በዚህ ብቻ እንኳ በእጅ የሚያዘው ይመረጣል።

መንዜው
ልጆቼ፣ እኛ መሐል ሜዳ ላይ በወይራና በክትክታ መፋቂያ አድገን፣ ገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ለሽበት በቅተናል። ይህ ሁሉ ቮልትና ኸርዝ ለአንዲት ጥርስ ነው? መፋቂያ ግዙላት። ዳገት ወርዳችሁ ለመቁረጥ ከሰነፋችሁ ደግሞ ገበያ ሞልቷል።

የሮቢት ልጅ
ጋሼ፣ እርስዎ ደጋ ሆነው ቆሎ ነው የሚበሉት። እኛ ጋ ሸዋሮቢት ይምጡና የሀገር ማንጎ ይብሉ፤ ክሩ ጥርስ መሃል ገብቶ እስከ ማታ አብሮዎት ይውላል። መፋቂያ ምን ያደርግለታል? 😂

የደብረሲናው ጥርስ ሐኪም
ጋሼ መንዜው እውነት አላቸው፤ መፋቂያ በደንብ ከተፋቀበት የጥርሱን ፊት ያጸዳል። የማይደርሰው ጥርስና ጥርስ በሚነካኩበት ቦታ ነው፤ እዚያ ብሩሽም አይደርስም። የማንጎው ክር፣ የጥብሱ ጅማት፣ የቆሎው ቅርፊት የሚሰነቀረው እዚያው ነው።

የጠባሴዋ፣ ወደ አንቺ ጥያቄ ልምጣ። ድልድይ ማለት ሰው ሠራሹ ጥርስ ከግራና ከቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ ተይዞ የሚቆምበት ሥራ ነው። ሦስቱም ስለተያያዙ ተራው የጥርስ ክር ከላይ ወደ ታች አያልፍም። ክሩን ከጎን አሾልኮ በሰው ሠራሹ ጥርስ ሥር መሳብ ይጠይቃል፤ ለዚህ የሚሆን መርፌ መሰል ፕላስቲክ አለ። ለታካሚዎቼ አሳያለሁ፣ እሺ ይላሉ፣ ግን በየማታው የሚያደርገው ጥቂት ነው። በዕድሜ የገፉ እናቶችማ ዓይናቸውም ጣታቸውም አያግዛቸውም። ውሃ ግን በዚያች ክፍተት ያልፋል። ስለዚህ ድልድይ ላለው፣ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የተተከለ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ላለው፣ ሽቦ ላሠረ ሰው ይህን መሣሪያ ቅንጦት ነው ብዬ አላጣጥለውም። ጥርሱ ሙሉ ለሆነና ክር መጠቀም ለለመደ ወጣት ግን ባይገዛው ብዙም አይቀርበት።

ስለ ደሙ፦ ጤነኛ ድድ በብሩሽ አይደማም። የሚደማው በጥርሱ ሥር ቆሻሻ ተከማችቶ ድዱ ስለተቆጣ ነው። በድድና በጥርስ መካከል ያለችው ኪስ በጤናዋ ጊዜ ጥልቀቷ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ እየጠለቀች ስትሄድ ብሩሽ የማይደርስባት ጉድጓድ ትሆናለች። እናትሽ በዝቅተኛው ግፊት ብትጀምር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ደም ልታይ ትችላለች፤ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልቆመ፣ ወይም መግል ካለ፣ ወይም ጥርስ የሚነቃነቅ ከሆነ ጉዳዩ የመሣሪያ አይደለም፤ ትታይ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ስኳር አለባት? የልብ ቫልቭ ችግርስ?

የጠባሴዋ
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ልቧ ደህና ነው። ስኳር ግን አለባት፤ ኪኒን ትወስዳለች። ከጥርሷ ጋር ይገናኛል ብዬ በፍጹም አላሰብኩም።

የደብረሲናው ጥርስ ሐኪም
በጣም ይገናኛል። ያልተቆጣጠሩት ስኳር ድድን ያባብሳል፤ የታመመ ድድ ደግሞ በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ስለዚህ ወንድምሽ እስኪመጣ አትጠብቂ። ወስደሽ አስመርምሪያት፣ ታርታር ካለባት ትታጠብ። የደነደነ ታርታር ከጥርሱ ጋር ተጣብቆ ድንጋይ ሆኗልና ውሃ አያነሳውም፤ በሐኪም መሣሪያ ብቻ ነው የሚወርደው። «ጥርስ መታጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚሉሽን አትስሚ። የተነቃነቀው ቀድሞ ነው፤ ታርታሩ ይዞት ነበርና ሲወርድ ይታወቃል። ዋተር ፍሎሰሩ የሚመጣው ከታጠበች በኋላ፣ ንጹሑን ንጹሕ አድርጎ ለማቆየት ነው።

የልብ ቫልቭን የጠየቅኩት ለሌሎቻችሁም ስለሚጠቅም ነው። በሀገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ልባቸው የተጎዳ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከድድ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ ለተጎዳ ወይም ለተተካ ቫልቭ አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የአፉን ንጽሕና ከማንም በላይ መጠበቅ አለበት፤ ይህን መሣሪያ ከመጀመሩ በፊት ግን የልብ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሽቦ ለባሽ
እኔ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ሆኜ በእጅ የሚያዘውን ነው የምጠቀመው፤ ሽቦ ስላለብኝ። አጠቃቀሙን ማንም አይነግራችሁም፤ እኔ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጫፉን አፍ ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ አብሩት። ቀድሞ ያበራው ሰው መስታወቱን፣ ግድግዳውንና ከጎኑ የቆመውን ጓደኛውን ያጥባል። ሲንኩ ላይ በደንብ ጎንበስ ማለት ነው፤ ከንፈርን ገጠም አድርጎ ውሃው በራሱ እንዲፈስ መተው። መስታወት ለማየት ቀና ያለ ሰው ውሃው በክርኑ ይወርዳል።

ከኋለኛው መንጋጋ ጀምሩ። ጫፉን ወደ ድዱ መስመር ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ማለት 90 ዲግሪ፤ መስመሩን ተከትላችሁ ሂዱ፤ በእያንዳንዱ ጥርስ መሃል ስትደርሱ ትንሽ ቆም በሉ። በውጭም በውስጥም። ሁሉም ሲደመር ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ነው። ለሽቦ ጫፉ ላይ ትንሽ ብሩሽ ያለው ለብቻው አለ፤ ተራው ጫፍ ሽቦው ሥር የገባውን ሁሉ አያወጣም። ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ክርም ብሩሽም አያስፈልገኝም።

የደብረሲናው ጥርስ ሐኪም
እስከ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ድረስ በጣም ጥሩ ነበር ወንድሜ 🙂። ብሩሹንማ አትተው። ውሃ የላላውን ምግብና ልል ቆሻሻ ያወጣል፤ በጥርሱ ላይ የተለጠፈውን ስስ ሽፋን ፍቆ የሚያነሳው ብሩሽ ነው፣ በመሃል ደግሞ ክር ወይም የመሃል ብሩሽ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መርምሮ ነበር። ክርና የመሃል ብሩሽ ከመቦረሽ ጋር ሲጨመሩ ከመቦረሽ ብቻ ሊሻሉ እንደሚችሉ፣ የውሃ መሣሪያዎች ማስረጃ ግን ጥቂትና የተዘበራረቀ እንደሆነ ነው የጻፈው። በሌላ በኩል የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንዳንድ የውሃ ፍሎሰሮች የማረጋገጫ ምልክቱን ሰጥቷል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የሚታየኝ ይህ ነው፦ ክር የሚችል ክር ይጠቀም፤ ክር የማይችል ወይም ክር የማያልፍለት ምንም ከማያደርግ ውሃውን ይያዝ።

ቅደም ተከተሉን ለሚጠይቅ፦ ውሃው ይቅደም፣ ብሩሹ ይከተል። መሃሉ ሲጸዳ የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ እዚያ ይደርሳል። ከቦረሻችሁ በኋላ አረፋውን ትፉት እንጂ በውሃ ደጋግማችሁ አትጉመጥመጡት፤ ፍሎራይዱን መልሳችሁ መጣል ነው።

ዋናው ዕቃ
ሰላም ቤተሰብ፤ እኛ ጋ አዲስ የገባ አለ። የውሃ ግፊቱ 160 ፒኤስአይ!! ታርታር ጠራርጎ ያወጣል፣ ጥርስ በአንድ ሳምንት ያነጣል፣ ዶክተር መሄድ ድሮ ቀረ። እስከ ደብረ ብርሃን እናደርሳለን። በውስጥ መስመር ያናግሩን።

ኤሌክትሪክ ሠሪው
160 ምን ያደርጋል? መኪና ልናጥብበት ነው?

የደብረሲናው ጥርስ ሐኪም
የታወቁት የጠረጴዛ መሣሪያዎች ግፊታቸው ከ10 እስከ 100 ፒኤስአይ ነው፤ ብዙ ሰው ከመካከለኛው አያልፍም። የታመመ ድድ ላይ ከዚያ በላይ መልቀቅ ማቁሰል ነው። ግዢ ላይ መጠየቅ ያለበት ከፍተኛው ስንት ነው ሳይሆን ዝቅተኛው ምን ያህል ለስላሳ ነው፣ ደረጃውስ ይቀየራል ወይ የሚለው ነው። ታርታር የሚያወጣ፣ ጥርስ የሚያነጣ ዋተር ፍሎሰር የለም።

የጠባሴዋ
እሺ ግፊቱ ገባኝ። ሌላ ምን ልይ ታዲያ? ወንድሜ የሁሉንም ፎቶ እየላከ ግራ አጋባኝ።

ሽቦ ለባሽ
ጫፉን! ትርፍ ጫፍ ከነመሣሪያው ይምጣ። ጫፍ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ይቀየራል፤ ያንዱ ፋብሪካ ጫፍ ለሌላው አይገጥምም። እዚህ ፈልጎ ማግኘት ዕድል ነው፤ ስም የሌለው ዕቃ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባም አታገኙለትም። ጫፍ ከሌለው መሣሪያው ደህና ሆኖ ሳለ ያረጃል። ጫፉ ሥር ባለቀለም ቀለበት ያለው ከሆነ እናትሽና አንቺ በአንድ መሣሪያ በየራሳችሁ ጫፍ ትጠቀማላችሁ። ጫፍ መዋዋስ ግን ብሩሽ መዋዋስ ነው፤ አይሆንም።

ከዚያ የውሃ መያዣው። በእጅ የሚያዙት 150 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚይዙ አሉ፤ ግማሽ አፍ ሳትጨርሺ ያልቅብሻል። 300 አካባቢ የሚይዝ ይምጣልሽ። አፉ ሰፊ ሆኖ እጅ ወይም ብሩሽ የሚያስገባ ከሆነ ለማጽዳት ይመቻል። ውሃ የማያስገባ መሆኑን የሚያሳየው አይፒኤክስ7 የሚለው ምልክት ነው።

የመርሐቤቴዋ
ይቅርታ ልግባ። ሁላችሁም ስለ ማሽኑ ታወራላችሁ፤ ስለ ውሃው የተናገረ የለም። እኛ ዓለም ከተማ ላይ አንዳንዴ ከጀሪካን፣ አንዳንዴ ከሮቶ ነው የምንቀዳው። ይህን ውሃ በግፊት በሚደማ ድድ ላይ መርጨት ልክ ነው? ታይፎይድ ቢያመጣብንስ?

የደብረሲናው ጥርስ ሐኪም
እህቴ፣ ከሁሉም የላቀው ጥያቄ ያንቺ ነው። መርሁ አጭር ነው፦ የማትጠጪውን ውሃ አትርጪበት። ሲረጭ ትንሽ መዋጡ አይቀርም፤ የቆሰለ ድድም በር ነው። የቧንቧው ውሃ የማያስተማምን ከሆነ ወይም ሮቶ ውስጥ ሰንብቶ ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ለመጠጥ «ውሃ አጋር» የተባለውን የውሃ ማከሚያ የምትጨምሩ ከሆነ ያው የታከመው ውሃ ይሆናል። ብዛቱ እንደሆነ አያሳስብም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው እንኳ የሚይዘው 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በእጅ የሚያዘው አንድ ወይም ሁለት ሙሌት ይበቃዋል። ፈረቃ ቢያልፍ ከፔርሙዝ ተርፎ የሚደርስ ነው።

ለብ ያለ ይሁን እንጂ አይሙቅ። የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ያን ውሃ በቀጥታ የተገለጠ የጥርስ ሥር ላይ ብትረጩት እናንተም ትዘላላችሁ። «መሣሪያው ጥርሴን አሳመመኝ» ብለው ከሚተዉት አንዳንዶቹ ያሳመማቸው ብርዱ ነው።

መንዜው
የብርዱን ነገርስ ልክ ነህ ልጄ። ጓሳ ጥግ ያለን ሰዎች በጠዋት አፋችንን ስንጉመጠመጥ ጥርሳችን እንደ ደወል ነው የሚጮኸው። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ሁሉም ሰው አሜሪካ ወንድም የለውም። ለሌለው ምን ትላለህ?

የደብረሲናው ጥርስ ሐኪም
ጋሼ፣ ጥሩ አነሱት። የመሃል ብሩሽ የምትባል ቀጭን ብሩሽ አለች፤ መጠኗ ይለያያልና ሐኪም ለክፍተትዎ የሚሆነውን ይምረጥልዎት። ድልድይ ሥርም ትገባለች፤ እውነቱን ለመናገር ለሰፊ ክፍተት ከውሃው ትበልጣለች። እሷ ከጠፋች መርፌው የወለቀለት አዲስ ስሪንጅ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ በዝግታ ድልድዩ ሥር ማፍሰስ ይቻላል። ግፊቱ የመሣሪያውን ያህል አይሆንም፤ ምግቡን ግን ያወጣል። የስፌት መርፌ፣ የክብሪት እንጨትና ቢላዋ ግን ይቅሩ። ድድ ላይ የሚተዉት ቁስል ከምግቡ ይከፋል።

የሮቢት ልጅ
ቧንቧ ላይ የሚገጠም፣ መብራትም ባትሪም የማይፈልግ አይቻለሁ። እሱስ?

ኤሌክትሪክ ሠሪው
አለ። ግን የሚሠራው በቧንቧው ግፊት ነው። ውሃ በመጣ ቀን እንኳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧ ምን ሊያጥብ? ሮቶህ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ሞክረው፤ ግፊቱን በልክ መቆጣጠር ግን አስቸጋሪ ነው።

የጠባሴዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማዬን ትናንት ወሰድኳት፤ ታርታር አለባት ተባለ፣ ታጠበች። ሐኪሟም ድልድዩ ሥር ይጽዳ አለ። ወንድሜ በዩኤስቢ የሚሞላ፣ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ሦስት ደረጃ ያለው አገኘ፤ አራት ጫፍ አለው። አሁን እማዬ የምትጠይቀው፦ «ውሃው ውስጥ ጨው ልጨምር? አፍ መጉመጥመጫ መድኃኒትስ?» በኋላስ እንዴት ይጸዳል?

የደብረሲናው ጥርስ ሐኪም
ጨው መሣሪያው ውስጥ አይግባ፤ ውስጡን ይበላዋል። ለብ ባለ ጨው ውሃ መጉመጥመጥ ካማራት ብርጭቆ ላይ ታድርገው። አፍ መጉመጥመጫው ይቻላል፤ ከውሃው እኩል ወይም ያነሰ ይሁን፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አንዴ ይለቅለቅ። ግን ግድ አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራው ውሃው ነው።

ሽቦ ለባሽ
ጽዳቱን ለእኔ ተዉት። ከተጠቀመች በኋላ የቀረውን ውሃ ትድፋው፣ ባዶውን ለጥቂት ሰከንድ ታስነሳው፣ ክዳኑን ከፍታ ታድርቀው። ውሃ ይዞ ያደረ መያዣ ይሸታል፤ ውስጡም ዝልግልግ ያለ ነገር ያበቅላል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ከሆነ ጫፏን ይደፍናታል፤ በወር አንዴ ነጭ አቼቶ ለብ ባለ ውሃ በጥብጣችሁ አስኪዱት፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ።

ደግሞ ከማታ ራት በኋላ፣ ከመተኛቷ በፊት አንዴ ይበቃታል። ቢያምራት ከጥብስ በኋላም ትጨምር።

የጠባሴዋ
ሲንኩ ግቢ ውስጥ ነው፤ ማታ ብርድ ነው። ቤት ውስጥ ሳፋ ላይ ብታደርገውስ?

ሽቦ ለባሽ
ሳፋው ይበቃል። ጉልበቷ ላይ ፎጣ ይነጠፍ፤ እስክትለምደው ነጠላዋን ታስቀምጥ።

ኤሌክትሪክ ሠሪው
ለወንድምሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። መሣሪያው ሊቲየም ባትሪ ስላለው በእጅ ሻንጣ ይያዘው፣ ማጥፊያው ተቆልፎ ወይም ጠፍቶ፣ ውሃ መያዣውም ባዶ ሆኖ። ፓወር ባንክ ከጨመረልሽ እሱ ጭራሽ ጭነት ውስጥ አይገባም፤ እጁ ላይ ይሁን። ሲደርስ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ሙዪው፤ ቻርጅ ላይ እያለ አትጠቀሙበት።